የታማው ወንበር

በዚያ ቢሮ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋል። ጃኬቱን ይሰቅላል፣ ወንበሩን ይስባል፣ ኮምፒውተሩን ያበራል። ከዚያ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ይከፍትና አንዲት አጭር ቃል ይጽፋል። ቃሏ ኮድ የሚጽፉበትን ትልቁን ፕሮግራም ትጠራለች፤ እነሱ በአጭሩ መጻፊያው ይሉታል። መጻፊያው ይመጣል፣ ሥራ ይጀመራል። ለምን በዚያ በኩል እንደሚጠራ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደጃፍ ላይ ጫማውን ለምን እንደሚጠርግ የሚጠይቅ አለ?

አዲሷ ሠራተኛ ግን እንዲያ አታደርግም ነበር። በእሷ ስክሪን ጥግ ላይ የመጻፊያው ምልክት ተቀምጣለች። ሁለት ጊዜ ጠቅ ታደርጋትና መጻፊያው ይከፈትላታል። ሌሎቹ ጥቁሩ መስኮት ላይ ጎንበስ ብለው ሲጽፉ ስታይ፣ «ጉራቸው በጠዋት ነው የሚጀምረው» ትላለች በሆዷ።

አዲሷ የሚል ስም ወጣላት እንጂ ልጅ አልነበረችም። ከማግባቷ በፊት በዚሁ ሙያ ሠርታለች። ልጆች ሲመጡ ቤት ዋለች፤ ትንሹ ትምህርት ቤት ሲገባ ተመለሰች። ስትመለስ ሙያው እሷን ቆሞ አልጠበቃትም። የተቀጠረችው ለሙከራ ነው። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ወይ ትቀራለች ወይ ትሸኛለች፤ ብትሸኝ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ሌላ በር የሚከፍትላት እንደማይኖር ታውቀዋለች።

በመጀመሪያው ቀን ጎኗ የሚቀመጠው ጎልማሳ ተቀበላት። ጢሙ ከፊቱ ይበልጣል፤ ስሙም ጢሞ ነው።

«ይሄ ወንበር ሰው አይበረክትበትም» አላት። «አንዱ ሳይለምድ ሄደ። አንዷ ደግሞ ምሳ በልቼ ልምጣ ብላ እንደወጣች ቀረች።»

«ወንበሩ ምን አደረጋቸው?»

«እንጃ። አንቺ ብቻ ስትቀመጪ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ።»

ሳቀች። ቀስ ብላም ተቀመጠች።

መጻፊያውን እንደከፈተች ከግርጌው ቀይ መስመር ወጣ። «የሥሪት መቆጣጠሪያው አልተገኘም። ያለበትን ቦታ ያሳዩ» ይላል። ይህ መሣሪያ ብዙ ሰው በአንድ ሥራ ላይ እጁን ሲያስገባ ማን ምን እንደለወጠ የሚይዝ፣ ነገር ሲበላሽም ወደ ትናንቱ የሚመልስ ነው። ያለ እሱ የሠራችውን ከሌሎቹ ሥራ ጋር መቀላቀል አትችልም። ጥቁሩን መስኮት ከፍታ የመሣሪያውን ስም ጻፈች። ወዲያው መለሰላት፤ አለሁ አለ። ወደ መጻፊያው ተመለሰች። አልተገኘም። አንድ ኮምፒውተር ነው፤ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም። አጥፍታ አበራችው። መጻፊያውን ነቅላ እንደገና ጫነችው። ቀዩ መስመር ንቅንቅ አላለም።

በጥቁሩ መስኮት በኩል መሥራት ይቻል ነበር፤ ግን በእሷ ዘመን ይህ ሁሉ በቁልፍ ጠቅታ ያልቅ ስለነበር ትእዛዞቹን አታውቃቸውም። በዚያ ላይ አንድ ሰው በአንዲት የተሳሳተ ትእዛዝ የሰውን ሁሉ ሥራ ገደል እንደከተተው ምሳ ላይ ሲያወሩ ሰምታለች። ስለዚህ ሳትነካው ዘጋችው።

መጠየቅ ነበረባት። በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ዕዳው ገብስ ነበር። በማግስቱ ትንሽ ከበደ። ሳምንት ሲሞላው ግን ጥያቄው ብቻውን የሚመጣ አልሆነም፤ «እስከ ዛሬ ታዲያ በምን ስትሠሪ ነበር?» የሚል ሌላ ጥያቄ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ስትቀጠር «መሣሪያውን ታውቂዋለሽ?» ተብላ «አውቀዋለሁ» ብላለች። ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ስለዚህ ማታ ከመውጣቷ በፊት ሥራዋን በፎልደር ትገለብጣለች። አንዱን ፎልደር «የመጨረሻ» አለችው። ቀጥሎ «የመጨረሻ ሁለት» መጣ። ከዚያ «እውነተኛው የመጨረሻ»። ጢሞ አንድ ቀን በትከሻዋ በኩል አየ።

«እውነተኛው የመጨረሻ ከመጣ በኋላ ምን ልትዪው ነው? ትንሣኤ?»

«መሣሪያው እምቢ ብሎኝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ለሰው እንዳትናገር።»

ጢሞ ልበ ገር ነው። ነገሩን ለማየት ቁጭ አላለም፤ የራሱ ሥራ ተከምሮበታል። «ፍላሽሽን አምጪ፣ በኔ በኩል አስገባልሻለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማታ ማታ ፍላሹን ትሰጠዋለች፤ እሱ ፎልደሯን በራሱ ፎልደር ላይ ይገለብጥና ያስገባል። ሥራዋ የሁሉም ሥራ ወደሚቀመጥበት የጋራ ማኅደር ገባ። የገባው ግን በጢሞ ስም ነው።

ቤቷ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ሥራ ስትጀምር ልጆቹን እንዲይዙላት እናቷ መጥተው አብረዋት መኖር ጀምረዋል። እናቷ በመጡ በሳምንታቸው ማድቤቱን እንደሚመቻቸው አደረጉት፤ ሌላው ሰው የሚፈልገውን ማግኘት ተሳነው።

«ጨው የለም!» ይላል ባሏ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ።

«አለ» ይላሉ እናቷ ካሉበት።

«የት ነው ያለው?»

«ያለበት ቦታ ነዋ!»

ባሏ ጨው የሌለው ምግቡን ይዞ ይቀመጣል። እሷ ትስቃለች። ትስቅና መሐል ላይ ሳቋ ይቋረጣል። እናቷ ይህን አይተውባታል።

«ምን ሆነሻል? ሰሞኑን ሳቅሽ ጎዶሎ ነው።»

ነገረቻቸው። እናቷ ኮምፒውተር አያውቁም፤ ልጃቸውን ግን ያውቃሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ። «ጠይቂ።»

«ማንን ልጠይቅ፣ እማ? የሚያውቁት ሽማግሌው ናቸው። አይናገሩ፣ አይስቁ። ሲያዩኝ ራሱ ያርበተብቱኛል።»

«ይበሉሻል?»

ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሷም እንደዚያ አስባ ይሆናል።

ሽማግሌው በቢሮው ከሁሉ የቆዩት ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ሲራመዱ ድምፅ የላቸውም፤ ሲናገሩም እንደ አረማመዳቸው ነው። ያን ሰሞን ቢሮው የሚሠራው ለአንድ የሕፃናት ክሊኒክ የተራ መጠበቂያ ፕሮግራም ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው የሚያዩት ስክሪን የአዲሷ ሥራ ነው። ተራውን የሚቆጥረው ክፍል የጋሼ ነው። በቅርቡ ጋሼ በዚያ ቆጠራ ውስጥ አንድ ስሕተት አግኝተው ነበር። ተጠርቶ ልጁን ሽንት ቤት ይዞ የሄደ ሰው ሲመለስ ስሙ ከተራው ጠፍቶ ይቆየዋል። ጋሼ ይህን አስተካክለው አስገብተዋል።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ከክሊኒኩ ተደወለ። ኃላፊዋ አነሳች። የቢሮው ኃላፊ ከአዲሷ በዕድሜ የምታንስ፣ ፈጠን ያለች ሴት ናት። ስትሰማ ቆየችና ስልኩን አስቀመጠች።

«አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ልጅ ይዛ ጠዋቱን ሙሉ ተቀምጣለች» አለች ቆማ። «ስሟ ከተራው ወጥቷል። ነርሷ ልጁን አይታው ነው እንጂ ስክሪኑስ አይጠራትም ነበር። ልጁ አሁን ደህና ነው። ጋሼ፣ ይሄ ተስተካክሏል አላሉኝም?»

ጋሼ ወደ ስክሪናቸው ዞሩ። መነጽራቸውን አደረጉና ማኅደሩን ወደ ኋላ አዩት።

«ተስተካክሎ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ያስተካከልኩት ፋይል ላይ አሮጌው ተመልሶ ተገልብጦበታል። በጢሞ ስም።»

ሰው ሁሉ ወደ ጢሞ ዞረ።

«አንተ ነህ?» አለች ኃላፊዋ።

ጢሞ ጢሙን ያዘ። «እ... በኔ በኩል ነው የገባው። አዎ።»

«ምን ስታደርግ?»

«ሳላይ ነው።»

«ሳታይ?» አሉ ጋሼ። «ዓይንህንም ጢም ወረሰው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ቢሮው በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ጋሼ ቀልደው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልቀለዱም።

«ልጅ ነው የታመመው፣ ጢሞ» አለች ኃላፊዋ። «ከዛሬ ጀምሮ ከክሊኒኩ ሥራ ወጥተሃል።»

አዲሷ ገብቷታል። ፎልደሯ ነው። ጋሼ ከማስተካከላቸው በፊት የተገለበጠ ፎልደር ነው፤ የጋሼ አሮጌ ፋይል በሆዱ እንዳለ በፍላሽ ሄዶ አዲሱን ውጦታል። ጢሞም ገብቶታል። ጢሞ ግን የኮምፒውተሩን ቁልፎች ያያል እንጂ ወደ እሷ አላየም። አንዴ ቀና ብሎ ቢያያት ይሻላት ነበር። አለማየቱ ነው የከበዳት።

ሙከራው የሚያልቀው በማግስቱ ነው። ዝም ብትል ታልፋለች፤ ጢሞ ይወቀሳል፣ ከርሞም ይረሳል። ብትናገር፣ ሙከራውን በሙሉ ያለ መሣሪያው እንደሠራች፣ ያንንም እንደደበቀች በገዛ አፏ ትመሰክራለች። ወንበሩን ይዛ ተነሣች። ወንበሩን ለምን እንደያዘች አታውቅም።

«የኔ ፎልደር ነው» አለች።

ኃላፊዋ ዞረች።

«እሱ የኔን ሥራ እያስገባልኝ ነበር። መሣሪያው በኔ ኮምፒውተር አይገኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገባሁ ጀምሮ።»

«ከገባሽ ጀምሮ!» ኃላፊዋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በማኅደሩ ላይ በስምሽ ምንም ነገር አጥቼ ነገ ልጠይቅሽ ነበር። ለምን ዝም አልሽ፣ እህቴ?»

«አፈርኩ።»

ጢሞ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ተመልሶም አቀረቀረ።

ጋሼ አስቀድመው ሥራውን ጨረሱ። ፋይሉን ወደ ተስተካከለው መለሱ፣ ክሊኒኩ ድረስ አደረሱት፣ ነርሷን በስልክ ስሞቹን አንድ በአንድ እያስነበቡ አረጋገጡ። ከዚያ ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡና ከአዲሷ ጎን ተቀመጡ።

«አሳዪኝ፣ ልጄ።»

ጥቁሩን መስኮት ከፍተው የመሣሪያውን ስም ጻፉ። መለሰ። መጻፊያውን እንደ ልማዳቸው ከዚያው ጠሩት። መጣ። ከግርጌው ቀይ መስመር የለም።

«ይኸው፤ ይሠራል» አሉ።

አዲሷ ፊቷ ነደደ። «ለእርስዎ ነው የሚሠራው! ይዝጉትና እኔ ልክፈተው።»

ዘጉት። ምልክቷን ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረገቻት። መጻፊያው መጣ። ቀዩ መስመር አብሮ መጣ።

ጋሼ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ምን አደረግሽ?»

«ከፈትኩት።»

«ከየት?»

«ከዚህ፣ ከምልክቷ።»

«ከዚያ ይከፈታል?»

ይህን ያሉት በእውነት ነው። በእሳቸው ስክሪን ላይ ምልክት የሚባል ነገር የለም፤ በሌሎቹም ላይ የለም። የእሷ ኮምፒውተር ሲገዛ ከነምልክቷ መጥቶ እንዳለ ነው የተቀመጠው። ጢሞ ተነሥቶ መጣ። ኃላፊዋም መጣች።

«እናንተ ለምንድን ነው ከጥቁሩ የምትጠሩት?» አለች አዲሷ።

እርስ በርስ ተያዩ።

«ጋሼ እንዲያ ሲያደርጉ አይቼ ነዋ» አለ ጢሞ።

«እኔም ከኔ በፊት የነበረው ሲያደርግ አይቼ ነው» አሉ ጋሼ።

«እሱስ?»

«እሱ ሞቷል።»

ጢሞ ሳቁን ለመዋጥ ጢሙን አፉ ውስጥ ከተተ።

ጋሼ ግን እያሰቡ ነበር። አሳባቸው ሲሄድ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መሣሪያው የተቀመጠው ከተለመደው ቦታ አይደለም። በፊት የነበረው ሰውዬ በራሱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦት፣ ኮምፒውተር በተገዛ ቁጥር እንደዚያው ሲገለበጥ ኖሯል። ጥቁሩ መስኮት ሲከፈት የት የት መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረዋል። ከእሱ የተጠራ መጻፊያ ያንኑ ከእሱ ይወርሳል። ከምልክቷ የተከፈተው ግን ማንም ምንም አልነገረውም። የተለመደውን ቦታ ያያል፣ ያጣል፣ አልተገኘም ይላል።

ይህን በራሳቸው አነጋገር፣ በጣም በጥቂት ቃል ነገሯት። አዲሷ የእናቷ ማድቤት ትዝ አላት። ባሏ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ቆሞ፣ ጨው ያለበት ቦታ ተቀምጦ።

«እንግዲያው ሁልጊዜ ከጥቁሩ ክፈቺው» አለ ጢሞ። «አለቀ።»

«ቀጥሎ የሚመጣውስ?» አለች።

ቀዩን መስመር ደግማ አነበበችው። ያለበትን ቦታ ያሳዩ ነው የሚለው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠይቃት ይህንኑ ነበር፤ እሷ ደግሞ የምታሳየው ቦታ ስለማታውቅ፣ የሚያውቀውንም ሰው ስላልጠየቀች፣ ሁለቱም ሲፋጠጡ ከረሙ።

«ጋሼ፣ ቦታው የት ነው?»

ጋሼ ጥቁሩን መስኮት ጠየቁት፤ አድራሻውን ነገራቸው። እሳቸው ፎልደር በፎልደር ያነባሉ፣ እሷ በመጻፊያው ማስተካከያ ባዶ ሣጥን ውስጥ ትጽፋለች። ረዘም ያለ አድራሻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሳተች፤ «ቀስ፣ ልጄ፣ የሚያባርርሽ የለም» አሏት። ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ሁለቱም ያስታወሱት። ነገ የሚባለው ነገር አለ።

መሞከሪያውን ተጫነች። ቀዩ ጠፋ፤ በምትኩ አረንጓዴ መጣ። መጻፊያውን ዘግታ ከምልክቷ ከፈተችው። አገኘው።

ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ከወንበራቸው ሊነሡ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ምሳ ልብላ ብላ የቀረችው ልጅ» አሉ። «እሷም በዚህች ምልክት ነበር የምትከፍተው?»

«አላየሁም፣ ጋሼ» አለ ጢሞ። «ማን አየ?»

«ከእሷ በፊት የነበረውስ?»

ምናልባት ይሆናል፤ ምናልባትም በሌላ ምክንያት ሄደው ይሆናል። ሰው ሳይናገር ከሄደ ምክንያቱን ይዞት ይሄዳል። ጋሼ አዲሷ የተቀመጠችበትን ወንበር አዩት። ተራ ወንበር ነው፤ ጎማው አንዱ ይንቋቋል፣ ክንዱ ተልጧል።

«ወንበሩን አምተነዋል» አሉና የራሳቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

ዓርብ ኃላፊዋ አዲሷን ወደ ትንሿ ክፍል ጠራቻት። ጢሞ ቀድሞ ገብቶ ነበር ለካ። የስክሪኑ ሥራ የማን እንደሆነ ተናግሮ ወጥቷል። ሲወጣ በሩ ላይ ተገናኙ።

«በሥራሽ ስመሰገን ዝም ብዬ ነበር» አላት። «ትንሽ ጣፍጦኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ፍላሹን ልትቀበለኝ መሽቀዳደም ጀምረህ ነበራ።»

ኃላፊዋ በሩን ዘጋች። እጇ ላይ ወረቀት አልነበረም።

«ባለማወቅሽ አልከፋኝም» አለች። «በመደበቅሽ ነው። የደበቅሽው ነገር በሌላ ሰው ልጅ ላይ ሊወድቅ ነበር።»

«ልክ ነሽ።»

«ደግሞ ሁላችንም እያየን አላየንሽም። እኔ ስጀምር ጋሼን ለመጠየቅ ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ ታውቂያለሽ?»

«ስንት?»

«አልጠየቅኳቸውም። አሁንም እፈራቸዋለሁ።»

አዲሷ ልትስቅ ብላ ያዘችው። ኃላፊዋ ራሷ ሳቀችና ፊቷን መለሰች።

«አልሸኝሽም፤ አላጸድቅልሽምም። ሙከራሽ ከዛሬ እንደ አዲስ ይጀምራል። በራስሽ ስም። ጢሞ ከክሊኒኩ ሥራ አይወጣም፤ ሁለታችሁ አብራችሁ ትሄዱና እዚያች ነርስ ፊት ይቅርታ ትጠይቃላችሁ።»

«እሺ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ጠየቅሽ?»

«ጠየቅኩ።»

«ታዲያ ሞትሽ?»

ጫማዋን እያወለቀች ሳቀች። ያሁኑ ሳቅ ሙሉ ነበር። ከዚያ ባሏን ጠራችና ሁለቱን ማድቤት አቁማ፣ እናቷ የጨዉን፣ የክብሪቱን፣ የማንኪያውን ቦታ አንድ በአንድ እንዲያሳዩት አደረገች። እናቷ አጉረመረሙ፤ ግን አሳዩት።

ሰኞ ጠዋት አዲሷ ቀድማ ገብታ ነበር። የሠራችውን አስገባች፤ በማኅደሩ ላይ ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። አንድ መስመር ነው። አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጋሼ መጡ። ጃኬታቸውን ሰቀሉ፣ ወንበራቸውን ሳቡ፣ ኮምፒውተራቸውን አበሩ። በእሳቸው ስክሪን ጥግ ላይም አሁን ምልክቷ አለች፤ ዓርብ ከሰዓት አዲሷና ጢሞ በየኮምፒውተሩ ላይ አድራሻውን ጽፈው፣ ምልክቷንም አስቀምጠው ነበር የወጡት። ጋሼ እጃቸውን ወደ ጥቁሩ መስኮት ሰደዱ። መሐል ላይ አቆሙት። ምልክቷን ትኩስ ነገር እንደሚነካ ሰው ሁለቴ ነካ ነካ አደረጓት። መጻፊያው መጣ። ግርጌውን አዩ። አረንጓዴ ነው።

ዘጉት። ጥቁሩን መስኮት ከፈቱና ያችን አጭር ቃል ጽፈው እንደገና ጠሩት።

ቀና ሲሉ አዲሷ እያየቻቸው ነበር።

«እንደው ልየው ብዬ ነው» አሉ፣ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ።